ሕጉ ሦስት ፍሌር ይላል፤ ለትንሽ ጀልባ ይበቃል ወይ?

አዲስ ባለጀልባ

ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ አንዲት ያገለገለች ሞተር ጀልባ ገዛሁ። ርዝመቷ 5 ሜትር ተኩል ነው፣ ከላይ ክፍት ናት። የምንወጣው እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን ነን። ትልቋ 12 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 7። ከባህሩ ዳርቻ ብንርቅ ቢበዛ 4 ኪሎ ሜትር ነው።

ጀልባዋን ሳጸዳ ከፊት ባለው ሣጥን ውስጥ፣ ከመልህቁ ገመድ ሥር አንድ የፕላስቲክ ዕቃ አገኘሁ። ሦስት በእጅ የሚያዙ ቀይ ፍሌሮች አሉበት። ለማያውቁት፣ ፍሌር ማለት አደጋ ሲደርስ ለኩሰው «ድረሱልኝ» የሚሉበት እሳት ነው። ጽሑፉን ሳነበው የአገልግሎት ጊዜያቸው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የሸጠልኝ ሰው «ሕጉ ሦስት ነው የሚለው፣ ሦስት አለህ፣ አታስብ» ብሎኝ ነበር።

እኔ ግን ማሰቤን አልተውኩም። ልጆች ይዤ ነው የምወጣው። ጊዜያቸው ያለፈው ይቆጠራሉ? አዲስ ብገዛስ ሦስት ይበቃል? ከፍሌር ሌላስ ምን ልያዝ? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

የወደብ ሰው

እንኳን ደስ አለህ ልጄ። በሰላም የምትወጡባት፣ በሰላም የምትመለሱባት ያድርግላችሁ።

ጊዜያቸው ያለፈ ፍሌሮች አይቆጠሩም። ጀልባህን አስቁመው ቢፈትሹህ እነዚያ ሦስቱ እንደሌሉ ናቸው።

ስለ ቁጥሩ ደግሞ፣ ሕጉ ከአገር አገር በጣም ይለያያል። የምትወጣበትን ውሃ የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት ደንብ ራስህ ማንበብ አለብህ። በአሜሪካ የባህር ዳርቻ ውሃዎች ላይ ርዝመቷ 16 ጫማ (4.9 ሜትር ገደማ) ወይም ከዚያ በላይ የሆነች ጀልባ የቀንም የሌሊትም ምልክት መያዝ አለባት። የሚነድ ምልክት ከመረጥክ ለቀን ሦስት፣ ለሌሊት ሦስት ነው። በእጅ የሚያዘው ቀይ ፍሌር ግን ለሁለቱም ስለሚቆጠር ሦስቱ ብቻቸውን ሕጉን ሊያሟሉ ይችላሉ። ሻጩ «ሦስት» ያለህ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። የአገልግሎት ጊዜያቸው እዚያ ከተሠሩበት ቀን ጀምሮ 42 ወር ነው። ካናዳ 4 ዓመት ትላለች። ብሪታንያ ደግሞ ርዝመቷ ከ13.7 ሜትር በታች የሆነች የግል መዝናኛ ጀልባ ፍሌር እንድትይዝ በሕግ አታስገድድም።

እንግዲህ የሦስት አገር ሕግ ሦስት ዓይነት መልስ ሰጠህ። ጀልባዋ ያቺው፣ ልጆቹም እነዚያው ናቸው። ስለዚህ ሕጉን መነሻ አድርገው እንጂ መድረሻ አታድርገው።

ሦስት ይበቃል ወይ ላልከው አንድ ታሪክ ልንገርህ። ከብዙ ዓመት በፊት ከጓደኛዬ ጋር ወጥተን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሞተራችን ጠፋ። ነፋሱ ከመሬት ወደ ባህር ይነፍስ ነበር። እየራቅን ሄድን። መልህቁ መሬት አልነካ አለ። ፍሌሮቹ የት ነበሩ? ልክ እንዳንተው ከመልህቁ ገመድ ሥር። ጓደኛዬ በጨለማ ሣጥኑን ሲገለባብጥ እኔ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ መብራት ከሩቅ ሲያልፍ እያየሁ ነበር። በመጨረሻ ተገኘ፣ ለኮስነው። ጀልባው መንገዱን ቀጠለ። ልቤ ቀጥ አለች። አንድ ደቂቃ ያህል ጠበቅንና ሁለተኛውን ለኮስን። ያኔ ዞረ።

ሰውዬው በኋላ ያለንን እስከዛሬ አልረሳውም። «የመጀመሪያውን በዓይኔ ጠርዝ ነው ያየሁት። ምን እንደሆነ አላረጋገጥኩም ነበር። ሁለተኛውን ሳይ ገባኝ» አለን። አንዱ ፍሌር ሰውየውን ቀና አደረገው፣ ሁለተኛው አሳመነው። በእጃችን የቀረው አንድ ብቻ ነበር።

ቻናል 16

ጋሼ የወደብ ሰው ያሉት በደንብ መሰመር አለበት። ምልክት ማየትና ምልክቱን መረዳት የተለያዩ ናቸው። ታይታኒክ በ1912 እ.ኤ.አ. ስትሰጥም 8 ያህል ነጭ ሮኬቶች ተኩሳለች። ካሊፎርኒያን የተባለችው መርከብ ላይ የነበሩ መኮንኖች አይተዋቸዋል። ግን ምን ማለት እንደሆነ ሲጠራጠሩ ሰዓቱ አለፈ። የሬዲዮ ሠራተኛዋም ተኝቶ ነበር፣ እስኪነጋ አልቀሰቀሱትም። በዚያ ዘመን የአደጋ ሮኬት ማንኛውም ቀለም ሊሆን ይችል ነበር። ዛሬ ቀይ ነው። ነጭ ፍሌር «እዚህ ነኝ፣ እንዳትገጨኝ» ለማለት እንጂ ለድረሱልኝ አይደለም።

አዲስ ባለጀልባ፣ ስለ ርቀት ደግሞ ይህን አስላ። ዓለም አቀፉን ደረጃ ያሟላ በእጅ የሚያዝ ፍሌር ቢያንስ 15,000 ካንዴላ (የብርሃን ጉልበት መለኪያ ነው) ያበራል፣ ቢያንስ 1 ደቂቃ ይነዳል። ሦስት ማለት እንግዲህ ሦስት ደቂቃ ነው። ክንድህን ዘርግተህ ስትይዘው ከውሃው 2 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከ2 ሜትር ከፍታ አድማስ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚርቀው። ሌላው ሰው እንዳንተ ዝቅ ያለ ጀልባ ላይ ከሆነ፣ አየሩም ጥሩ ከሆነ፣ ከ10 ኪሎ ሜትር በኋላ ምድር ራሷ ትጋርደዋለች። በፓራሹት የሚወርደው ሮኬት ግን ቢያንስ 300 ሜትር ወጥቶ፣ በ30,000 ካንዴላ፣ ቢያንስ 40 ሴኮንድ እየነደደ ይወርዳል። ከ300 ሜትር ከፍታ አድማስ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ስለዚህ ሁለቱ ሥራቸው ይለያያል። ሮኬቱ «አደጋ አለ» ብሎ የሩቁን ሰው ይቀሰቅሳል። በእጅ የሚያዘው ደግሞ ሊረዳህ የመጣውን ሰው «እዚህ ጋ ነኝ» ይለዋል። ቀን ቀን ብርቱካናማ ጭስ ይሻላል፣ ተንሳፋፊው ዓይነት ቢያንስ 3 ደቂቃ ይጨሳል። ለሄሊኮፕተር አብራሪ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድም ያሳየዋል።

ቀዛፊዋ

ይቅርታ፣ ወሬውን ትንሽ ላቋርጥ። እስካሁን የተወራው ሁሉ ጀልባዋ ላይ ስላለ ዕቃ ነው። ጀልባዋ ከእጅህ ብታመልጥስ?

እኔ ካያክ የሚባል ጠባብ ትንሽ ጀልባ ነው የምቀዝፈው። አንድ ቀን ሞገድ ገለበጠኝ። ሁሉ ነገር ነበረኝ። ሁለት ፍሌር፣ ባትሪ፣ ገመድ። ሁሉም ካያኩ ውስጥ፣ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ታሽጎ። ነፋሱ ካያኩን ወሰደው። ሦስት ሜትር፣ አምስት ሜትር፣ ከዚያ ልደርስበት አልቻልኩም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ እጄ ደንዝዞ የኪሱን ዚፕ መክፈት አቃተኝ። ያተረፉኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የለበስኩት ላይፍ ጃኬት፣ ሁለተኛው ትከሻዬ ላይ በክር የታሰረችው ፊሽካ። ሌሎች ቀዛፊዎች ፊሽካዋን ሰምተው መጡ።

ስለ ቀዝቃዛ ውሃ 1-10-1 የሚባል ነገር አለ። አንድ ደቂቃ ትንፋሽህን ለመቆጣጠር። አሥር ደቂቃ እጅና እግርህ የሚታዘዙበት። አንድ ሰዓት ገደማ ደግሞ ብርዱ ራስን ከማሳቱ በፊት ያለህ ጊዜ። ልብ በል፣ ፍሌር የሚለኮሰው፣ ዚፕ የሚከፈተው በዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ ነው። ያለ ላይፍ ጃኬት ግን ብዙ ሰው የመጀመሪያዋን ደቂቃ አያልፋትም። ውሃው ሲነካው ሳያስበው ትንፋሽ ይስባል፣ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ አለቀ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከፍሌሩ በፊት ላይፍ ጃኬቱ። ወንበር ሥር የተቀመጠ ሳይሆን የተለበሰ። እባክህን።

አዲስ ባለጀልባ

እህቴ ቀዛፊዋ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ። ያልሽውን ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ ሁለታችንም ዝም አልን።

አሁን ያሉን ጃኬቶች አራት ናቸው፣ ሁሉም የአዋቂ። ለልጆቹ ትንሽ ይሰፋቸዋል ግን እናጠብቀዋለን ብለን ነበር።

ቀዛፊዋ

አይሆንም። ለልጅ ሰፊ ጃኬት ከሌለ አይሻልም ልልህ ነው የቀረኝ። ውሃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጁ በሥሩ ሾልኮ ይወርዳል። ሙከራው ቀላል ነው። አልብሰውና ትከሻው ላይ ያሉትን ማሰሪያዎች ይዘህ ወደ ላይ ሳብ። ጃኬቱ ወደ ጆሮው ከወጣ አልሆነውም። የልጅ ጃኬት በክብደት ነው የሚመረጠው፣ ውስጡ ላይ ተጽፏል። በእግር መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይሁን። ራስ ላይ መያዣ ያለው ከሆነ ደግሞ ከውሃ ለማውጣት ይመቻል።

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባዋ እየሄደች ከሆነ እንዲለብስ ያስገድዳል፣ ዝግ ክፍል ውስጥ ካልሆነ በስተቀር። የአንተ ሁለቱም እዚያ ዕድሜ ውስጥ ናቸው። እኔ ግን የምልህ አንተም ልበስ። ልጆቹ የሚያዩት አንተን ነው። አንተ ውሃ ውስጥ ብትገባ ደግሞ ጀልባዋን ማን ይነዳል?

ለአዋቂ በጋዝ የሚነፋው ይመቻል፣ ቀለል ይላል፣ ስለዚህ ሰው አያወልቀውም። ግን ጥገና ይፈልጋል። ትንሿ የጋዝ ሲሊንደር ጠብቃ መታሰሯን በወጣህ ቁጥር በእጅህ አረጋግጥ። ውሃ ሲነካት ሟሙታ ጋዙን የምትለቀው ክኒን ደግሞ የራሷ የአገልግሎት ጊዜ አላት።

ብርሃን

እኔ በፍሌር ጉዳይ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ሁለት ትናንሽ ልጆች ባሉበት፣ ነዳጅ ባለበት ክፍት ጀልባ ላይ እሳት መለኮስ አልወድም። አሁን እኮ በባትሪ ድንጋይ የሚሠሩ የኤሌክትሪክ ምልክቶች አሉ። ኤስ ኦ ኤስ የሚባለውን የድረሱልኝ ምልክት እያበሩ ለሰዓታት ይቆያሉ። አይቃጠሉም፣ በየሦስት ዓመቱ አይጣሉም። በአሜሪካ ደረጃውን ያሟላ ከሆነ ለሌሊት ምልክትነት ሕጋዊ ነው። ለቀን ደግሞ ብርቱካናማ መደብ ላይ ጥቁር አራት ማዕዘንና ጥቁር ክብ ያለበት ጨርቅ ይጨመርበታል። ቢያንስ 3 ጫማ በ3 ጫማ የሆነ። በቃ፣ ሕጉ ተሟላ፣ እሳትም የለም። ለምን እንጨነቃለን?

የወደብ ሰው

ብርሃን፣ ስጋትሽ ትክክል ነው። መሣሪያውንም አልጠላም፣ እኔ ራሴ አለኝ። ግን ብቻውን አልተማመንበትም።

መብራቱ ከእጅሽ ከፍ አይልም። ወደብ አካባቢ ደግሞ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ሞልቷል። ተንሳፋፊ የመንገድ ምልክት አለ፣ የሌላ ጀልባ መብራት አለ። ከሩቅ የሚያይ ሰው ከእነዚያ መሐል ያንቺን መለየት አለበት። ቀይ እሳት ግን ባህር ላይ ሌላ ትርጉም የለውም። መርከቦች እንዳይጋጩ የወጣው የ1972 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ደንብ የአደጋ ምልክቶችን በአንድ ዝርዝር አስቀምጧቸዋል። በእጅ የሚያዝ ቀይ ፍሌር አለ፣ የፓራሹት ሮኬት አለ፣ ብርቱካናማ ጭስ አለ። ኤስ ኦ ኤስ በማንኛውም መንገድ ማስተላለፍም አለ፣ ስለዚህ ያንቺ መብራት በዚያ በኩል ይገባል።

እኔ ብሆን ሁለቱንም እይዛለሁ። መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ይቆይ። ፍሌሩ ደግሞ የመርከብ መብራት ወይም የአውሮፕላን ድምፅ ሲመጣ ይለኮስ። ማንም በሌለበት ባህር ላይ በድንጋጤ ሦስቱንም ለኩሶ መጨረስ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው።

በነገራችን ላይ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ምልክት አለ። ሁለት እጅን ወደ ጎን ዘርግቶ ቀስ እያሉ ደጋግሞ ከፍ ዝቅ ማድረግ። ለልጆቹ አስተምራቸው። አንድ እጅ ብቻ ካውለበለቡ የሚያልፈው ጀልባ ሰላምታ መስሎት መልሶ ያውለበልብላቸዋል።

አዲስ ባለጀልባ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ የምፈራው ነገር አለ። ፍሌር ለኩሼ አላውቅም። ባለቤቴም አታውቅም። እጃችንን ሳናቃጥል እንዴት ነው የሚያዘው? አንዱን አሮጌውን ለመለማመጃ ብለኩሰው ምን ይለኛል?

የወደብ ሰው

ባህር ላይ አትለኩሰው! አንድ ሰው አይቶ አደጋ ነው ብሎ ያስጠራል። ነፍስ አድን ጀልባ ይወጣል፣ ሄሊኮፕተርም ሊነሳ ይችላል። በዚያች ሰዓት በእውነት የተቸገረ ሰው ሌላ ቦታ ቢኖርስ? በብዙ አገርም ወንጀል ነው። አንዳንድ የጀልባ ማሠልጠኛዎች ፈቃድ አስወጥተው ሰውን ያለማምዳሉ። ካገኘህ ባለቤትህን ይዘህ ሂድ። አንድ ጊዜ በእጅ ይዞ ማየት ፍርሃቱን ያወጣዋል።

እስከዚያ ቤትህ ቁጭ ብለህ የእያንዳንዱን ጽሑፍ አንብብ። አለኳኮሳቸው ይለያያል። አንዱ ክዳኑ እንደ ክብሪት ይጫራል። ሌላው ገመዱ ይሳባል። ሌላው ከሥሩ ይመታል። በጨለማ፣ እጅህ እየተንቀጠቀጠ፣ ጀልባዋ እየተናወጠች የምታነበው አይደለም።

ስትለኩሰው ነፋሱ ከጀርባህ ይምጣ። ጭሱና ፍንጣሪው ከአንተ ይሽሽ። ክንድህን ሙሉ በሙሉ ዘርግተህ ከጀልባዋ ጠርዝ ውጪ ያዘው፣ ጫፉን ወደ ውጪ ዘንበል አድርገው። ቀልጦ የሚንጠባጠብ ነገር አለው። ያ ነገር እጅ ላይ ከወደቀ ሥጋ ያቃጥላል፣ በአየር የሚነፋ ጀልባ ላይ ከወደቀ ይበሳዋል። የቆዳ ጓንት አብረህ አስቀምጥ። እሳቱን ትኩር ብለህ አትየው፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ደቂቃ ጨለማው ውስጥ ምንም አይታይህም። ነዳጅ የቀዳህበት ወይም የፈሰሰበት አጠገብ በፍጹም።

ውሃ አያጠፋውም። የሚነድበትን ኦክስጅን የሚያገኘው ከውስጡ ካለው ኬሚካል ነው። ቀይ የሚያደርገው ስትሮንቲየም የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ዓለም አቀፉ ደረጃ ለ10 ሴኮንድ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ተነክሮም መንደዱን እንዲቀጥል ያስገድዳል። ስለዚህ «ካስፈራኝ ባልዲ ውስጥ እከተዋለሁ» ብለህ አትተማመን። ይዘኸው ጨርሰው።

ሮኬት ከገዛህ ደግሞ ቀጥ አድርገህ፣ ከቀጥታው ጥቂት ብቻ ነፋሱ ወደሚሄድበት አዘንብለህ ተኩስ። ሮኬት በባህሪው ወደ ነፋሱ ይዞራል። ደመናው ዝቅ ካለ ይበልጥ አዘንብለው፣ አለዚያ ደመናው ውስጥ ገብቶ ይነድና ማንም አያየውም። ሄሊኮፕተር እላይህ ከመጣ ሮኬት በፍጹም አይተኮስም።

ቻናል 16

ጋሼ ስለ እሳቱ ጨርሰውታል። እኔ ስለ ሬዲዮ ልናገር፣ ምክንያቱም ለእኔ ከሁሉም ይቀድማል።

ፍሌር የሚሠራው የሚያይ ሰው ካለ ነው። ሬዲዮ ግን የማያይህን ሰው ይጠራል። ውሃ የማያስገባ፣ ቢወድቅም የሚንሳፈፍ ቪኤችኤፍ የሚባል ትንሽ የጀልባ መገናኛ ሬዲዮ ግዛና ጃኬትህ ላይ እሰረው። የአደጋ ቻናሉ 16 ነው። «ሜይዴይ» (በሬዲዮ «ድረሱልኝ» ማለት ነው) ሦስት ጊዜ። የጀልባህ ስም ሦስት ጊዜ። ከዚያ ያለህበት ቦታ፣ ምን እንደደረሰብህ፣ ስንት ሰው እንዳለ። ብዙ ሰው ቦታውን ወደ መጨረሻ ይተወዋል። ባትሪው ሊያልቅ፣ ድምፁ ሊቆራረጥ ይችላል፣ ስለዚህ ቦታህን አታዘግየው። ዲኤስሲ (የአደጋ ጥሪን በራሱ የሚልክ ስልት) ያለው ሬዲዮ ከሆነ ቀይ ቁልፍ አለው። ክዳኑን ከፍተህ ጥቂት ሴኮንድ ስትጫነው ማንነትህን በራሱ ይልካል፣ ጂፒኤስ ካለው ቦታህንም። ግን በቅድሚያ 9 አሃዝ ያለው የመለያ ቁጥር ወስደህ ሬዲዮው ውስጥ ማስገባት አለብህ። ሳያስገቡ ለዓመታት የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው፣ ያ ቀይ ቁልፍ ለእነሱ አይሠራም።

«ስልክ አለኝ» ትለኝ ይሆናል። ስልክም ያዝ። ግን ስልክ አንድን ሰው ብቻ ነው የሚጠራው። በቻናል 16 ስትናገር አጠገብህ ያለው ዓሣ አጥማጅም ይሰማሃል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው።

አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ከፈለግህ ፒኤልቢ የሚባለው በኪስ የሚያዝ የአደጋ ማሳወቂያ አለ። በ406 ሜጋኸርዝ ለሳተላይት ይናገራል፣ ቢያንስ ለ24 ሰዓት። ለጀልባ የሚሆነው ትልቁ ወንድሙ ኢፒርብ ይባላል፣ እሱ ቢያንስ 48 ሰዓት ይሠራል። ያገለገለች ጀልባ ስለገዛህ አንድ ነገር ተጠንቀቅ። በ121.5 ሜጋኸርዝ ብቻ የሚሠራ አሮጌ ኢፒርብ ካገኘህ አትመካበት። ሳተላይቶቹ ያንን ሞገድ መስማት ያቆሙት ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው።

የሞተር ልጅ

አጭር ነገር ልጨምር። የሞተር ማጥፊያ ገመዱን አትርሳ። አንዱ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላው ጭንህ ወይም ጃኬትህ ላይ ይታሰር። ነጂው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ካልታሰረ ጀልባዋ ብቻዋን እየዞረች ወደወደቀው ሰው ልትመለስ ትችላለች፣ ከነ ፕሮፔለሯ። ልጆቹ ጀልባዋ ላይ ቀርተው አንተ ውሃ ውስጥ ሆነህ አስበው። አሜሪካ ውስጥ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገመዱ በተገጠመላቸው አብዛኞቹ ትናንሽ ጀልባዎች ላይ መታሰሩ ግዴታ ሆኗል። ትርፍ ገመድም ያዝ፣ የቀረው ሰው ሞተሩን አስነስቶ እንዲመለስልህ።

እሳት ማጥፊያውንም የተሠራበትን ዓመት ተመልከት። እዚያው አሜሪካ እንደገና የማይሞላው ዓይነት ከተሠራ 12 ዓመት ካለፈው አይቆጠርም። ያገለገለ ጀልባ ላይ ያለው ማጥፊያ ብዙ ጊዜ ከጀልባዋ እኩል ያረጀ ነው።

ብርሃን

ስለ አሮጌዎቹ ፍሌሮች አንድ ጥያቄ። አንዳንድ ሰዎች አዲስ ከገዙ በኋላም አሮጌዎቹን እንደ ትርፍ ይይዟቸዋል። ልክ ነው?

የወደብ ሰው

እኔ ገና በቅርቡ ያለፈባቸውንና ደረቅ ሆነው የቆዩትን ለይቼ፣ «ያለፈበት» ብዬ በትልቁ ጽፌ እይዝ ነበር። የሁለተኛው ፍሌር ታሪክ ከውስጤ ስለማይወጣ ነው።

ቻናል 16

ጋሼ፣ እዚህ ላይ በአክብሮት አልስማማም። ያረጀ ፍሌር ላይነሳ ብቻ ሳይሆን በእጅ እንዳለ ያልታሰበ ነገር ሊያደርግ ይችላል። በጨለማ ደግሞ አዲሱና አሮጌው ይቀላቀላሉ። ለአዲስ ባለጀልባ የምመክረው ስድስት አዲስ ገዝቶ አሮጌዎቹን ማስወገድ ነው። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ወይም ባህር ውስጥ ግን አይጣሉም። ፈንጂ ነገር ናቸው። የሸጠልህ መደብር፣ የባህር ጠባቂው ወይም አደገኛ ቆሻሻ የሚቀበለው ክፍል የት እንደሚረከቡ ይነግሩሃል። እስክታስረክባቸው ከልጆች ርቆ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጡ።

የወደብ ሰው

ልጆች ባሉበት ጀልባ ላይ ልክ ነህ። የእኔን ተወውና የሱን ስማ ልጄ።

አዲስ ባለጀልባ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ምን እንዳደረግን ልንገራችሁ።

ለልጆቹ በክብደታቸው ጃኬት ገዛን። በማሰሪያው ሳብነው፣ አልተነቃነቀም። በየጃኬቱ ላይ ፊሽካ አስረናል። ስድስት በእጅ የሚያዝ ፍሌርና ሁለት ብርቱካናማ ጭስ ገዛሁ፣ የብርሃንን ምክር ሰምቼ የኤስ ኦ ኤስ መብራትም ጨመርኩ። ሁሉም ውሃ በማያስገባ ቀይ ዕቃ ውስጥ ከነጂው ወንበር አጠገብ ታስረዋል። ከመልህቁ ሥር ምንም የለም። አሮጌዎቹን አስረክቤያለሁ።

ቅዳሜ ጀልባዋ መሬት ላይ እያለች ሁላችንም ዓይናችንን በጨርቅ አሰርንና ዕቃውን መፈለግ ተለማመድን። ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ አገኘችው። ትልቋ ልጄ «ሜይዴይ»ን ጥርት አድርጋ ትላለች፣ ሬዲዮው ጠፍቶ እያለ ነው ያለማመድኳት። ትንሹ እጁን ዘርግቶ ከፍ ዝቅ ማድረጉን ቤት ውስጥም አላቆመም።

ፒኤልቢም ገዛሁ። አሁን እየመዘገብኩት ነው። ቅጹ ላይ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ስልክ ይጠይቃል። የባለቤቴን ስልክ ሞላሁ። ሌላ የምሞላው ነገር አለ?

ቻናል 16

የባለቤትህን አታድርገው! እሷ ጀልባዋ ላይ አብራህ ናት። የፒኤልቢው ምልክት ሲደርሳቸው ነፍስ አድኖቹ መጀመሪያ የሚደውሉት ወደዚያ ቁጥር ነው። መሬት ላይ የሚቀር፣ የምትወጡበትን ቦታና የምትመለሱበትን ሰዓት በወጣችሁ ቁጥር የምትነግሩት ሰው ስልክ ይሁን። ሁለት ሰው ሙላ፣ አንዱ ባያነሳ ሌላው ያነሳል። የጀልባዋን ቀለምና አራት ሰው መሆናችሁንም ጻፍ።

አዲስ ባለጀልባ

አሁኑኑ ቀየርኩት። የእህቴና የጎረቤታችን ሆኗል።